ጀርባቸውን ሰጥተው ያዋለዱት የሲስተር ገላኔ ዱጋሳ የሕይወት ታሪክ (1962–2017 ዓ.ም.)

«ቁጥቋጦው አይመነጠርም» አሉ ሲስተር ገላኔ ዱጋሳ፤ ክርክሩ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ከአውሮፓ የመጡት የሚስዮን ቡድኑ መሪ ሚስተር ፔካ የማዋለጃ ክፍሉ ወደ ኋላ የሚሰፋበትን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አራቱን ማዕዘን በመድኃኒት ጠርሙስ አስይዘውታል። ክፍሉ እንዲሰፋ ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው ቁጥቋጦ መነሳት ነበረበት። ሲስተር ገላኔ አሁን ባለው ክፍል እንኳ በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት እናት እንዳልወለደችበት፣ አልጋዎቹ ላይ የማሽላ ጆንያ እንደተከመረባቸው አስታወሱ። በዚያ ቀበሌ የጉሙዝ እናት ከጣሪያ ሥር አትወልድም፤ ምጧ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ወደ ዱር ትሄዳለች፤ የወሊድ ደም ቤት ውስጥ አይፈስም። ያ ለምንም የማይሆን የሚመስል ቁጥቋጦ ደግሞ ክሊኒኩ ከመሠራቱ በፊት ጀምሮ የቀበሌው ሴቶች የሚወልዱበት ቦታ ነው። ሚስተር ፔካ ይህን ሰምተው ከመሳቢያቸው አንድ ያረጀ ወረቀት አወጡ። ሲስተር ገላኔ ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት «እባብ ስላለበት ቁጥቋጦው በአስቸኳይ ይመንጠርልኝ» ብለው በገዛ እጃቸው የጻፉት ማመልከቻ ነበር። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁና «ያን ጊዜ የማውቀው እባቡን ነበር፤ ሴቶቹን አላውቅም ነበር» አሉ።

ነገሩ በድምፅ ተወስኖ ቁጥቋጦው እንዳለ ቀረ። ይህ የሆነው በ2006 ዓ.ም. በካማሺ ዞን፣ ከካማሺ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን በምታስኬድ አንዲት ቀበሌ ነው። ታሪካቸው ከዚህ እንዲጀመር፣ ከዚህም በታች ያለው አንዳች ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙት ሲስተር ገላኔ ራሳቸው ናቸው።

ሲስተር ገላኔ ከአባታቸው ከአቶ ዱጋሳ ቀጄላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርሃነሽ ኢተፋ በ1962 ዓ.ም. በወለጋ፣ መንዲ አቅራቢያ ተወለዱ። ከአምስቱ የቤቱ ልጆች መካከል አራተኛ ነበሩ። አባታቸው የወንጌል አገልጋይ ስለነበሩ በ1970 ዓ.ም. ቤተሰቡን ይዘው ወደ ባምባሲ መጡ። ገላኔ በልጅነታቸው የሚታወቁት በፍርሃታቸው ነበር። ነጎድጓድ ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ። ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚሻገሩት ጅረት ከጉልበት ባይዘልም ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ አይናለም እጃቸውን ካልያዙ አይሻገሩም ነበር። አይናለም ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ይህች ልጅ ሌላው ቀርቶ ጥላዋን ትፈራለች እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በባምባሲ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአሶሳ ከተከታተሉ በኋላ በነቀምቴ በነርስነት፣ ቀጥሎም በአዋላጅነት ሠልጥነው በ1982 ዓ.ም. ተመረቁ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በባምባሲ አገልግለዋል። ሥራቸውን የሚያውቁ እንደሚመሰክሩት አንዲት እናት ወልዳ ከሄደች በኋላ እንኳ ደም ፈሷት ይሆን እያሉ ቤቷ ድረስ ሄደው በር የሚያንኳኩ ሴት ነበሩ። ሰዎች ትጋት ይሉት ነበር፤ እሳቸው ግን ፍርሃት ነው ይሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ከመምህር ዋቅሹማ ጎሹ ጋር ጋብቻ መሥርተው እዩኤልንና ሰብለወንጌልን ወለዱ። መምህር ዋቅሹማ በ2000 ዓ.ም. ባደረባቸው ሕመም አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ቤተ ክርስቲያን በካማሺ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በቡድን የምታገለግል አዋላጅ ስትፈልግ፣ ከሲስተር ገላኔ በፊት የተጠየቁ ሦስት ሰዎች ምክንያት አቅርበው ቀርተው ነበር። እሳቸው ለምን እንደሄዱ ሲጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹን እምቢ ማለት ስለፈሩ መሆኑን አይደብቁም ነበር። ልጆቹ አሶሳ በአክስታቸው በወ/ሮ አይናለም ቤት ሆነው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ቡድኑ ሰባት ሰዎች ነበሩት፤ ሦስቱ የባሕር ማዶ ሰዎች፣ አራቱ ኢትዮጵያውያን። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጥበቃው አቶ ሻዕባን ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታሉ። አቶ ሻዕባን የአሶሳ ሰው፣ በእምነታቸው ሙስሊም ናቸው፤ የክርስቲያኖቹን ጸሎት የሚጠራው ቸርኬ በእሳቸው እጅ መሆኑ ሁለቱንም ወገን ያስቅ ነበር። ጸሎቱ በሦስት ቋንቋ ስለሚደረግ ይረዝማል። ሁሉም ዐይኑን ሲጨፍን ሲስተር ገላኔ ብቻ ገልጠው በሩን ይመለከታሉ። ምግብ በተራ ይሠራል፤ የሚስተር ፔካ ተራ የደረሰ ቀን ጨው የሌለው ድንችና የቆርቆሮ ዓሣ እንደሚቀርብ ስለሚታወቅ አራቱ ኢትዮጵያውያን በዚያ ቀን ጾም ነን ይሉ ነበር። በየሰዉ በር ጀርባ አንድ የተዘጋጀ ቦርሳ ይቀመጣል፤ ድንገት ሽሽ ቢባል ተነጥቆ የሚወጣ። የውጭ አገር ሰዎቹ ቦርሳ ውስጥ ፓስፖርት አለ። ሲስተር ገላኔ ፓስፖርት ስላልነበራቸው ጓንት፣ ምላጭ፣ የእትብት ክርና አንድ ንጹሕ ነጠላ አድርገውበት ነበር።

ለደጋፊዎች በየወሩ የሚላከውን ደብዳቤ የሚጽፉትም በተራ ነው። ሲስተር ገላኔ በተራቸው ስንት ሕፃናት እንደተወለዱ ከጻፉ በኋላ ዘወትር «እኔ ግን እፈራለሁ፤ ጸልዩልኝ» ብለው ይጨርሳሉ። ሚስተር ፔካ ደግሞ ደጋፊዎቹ እንዳይጨነቁ ብለው ያቺን መጨረሻ ይሰርዟት ነበር። ይህንንም ራሳቸው ሚስተር ፔካ ከዓመታት በኋላ በጻፉት ደብዳቤ አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ሥራቸውን የሠሩት እንደሚከተለው ነው። እናት ምጥ ሲይዛት ወደ ቁጥቋጦው ትገባለች። ሲስተር ገላኔ የሟች ባለቤታቸውን የጎማ ቦት ጫማ ለእባቡ ብለው አጥልቀው ይከተሏታል፤ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። አያዩም፣ አይናገሩም። እናትየዋ ከፈለገቻቸው ሁለት ድንጋይ ታጋጫለች፤ ያን ጊዜ ዞረው ይረዳሉ። ካልፈለገቻቸው ልጇን ታቅፋ በአጠገባቸው አልፋ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ዓመት ድንጋይ ያጋጨች አንዲት እናት ብቻ ነበረች። በኋላ ግን ሳያጋጩ የሚወልዱት ጥቂቶች ሆኑ። ከኋላቸው ምጥ እየሰሙ ፊታቸውን ወደ ዱሩ አዙረው የተቀመጡባቸው እነዚያ ሰዓታት በሕይወታቸው እጅግ የፈሩባቸው እንደነበሩ ይናገሩ ነበር፤ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የአካባቢው ጸጥታ ደፈረሰ። በመስከረም ወር መጨረሻ መንገድ ላይ ሰው መገደሉ በተሰማ ማግሥት ቡድኑ እንዲወጣ ተወሰነ። መኪናው አንድ ነበር። ሲስተር ገላኔ ቦርሳቸውን ይዘው ቀድመው ገብተው ነበር፤ ይሁን እንጂ ሕፃን ያቀፈች የባልደረባ ሚስት ቦታ ስታጣ እንዲወርዱ ተጠየቁ። ወረዱ። እያለቀሱ እንደወረዱ፣ ማንንም ላለማስቀየም እንጂ በፈቃዳቸው እንዳልነበረ እንዲነገር ይፈልጋሉ። መኪናው በማግሥቱ ሊመለስላቸው ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋ አልተመለሰም። በግቢው የቀሩት እሳቸውና አቶ ሻዕባን ብቻ ነበሩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ማንነታቸው እስከ ዛሬ በውል ያልታወቀ የታጠቁ ሰዎች ወደ ግቢው መጡ። አቶ ሻዕባን ሲስተር ገላኔን በጓሮ በር አስወጥተው በሩን ከዘጉ በኋላ ወደ ፊት በር ሄደው ሁሉም ሰው ሄዷል ብለው ቆሙ። ደበደቧቸው፤ ቃላቸውን አልቀየሩም። ሲስተር ገላኔ ቦርሳቸውን እንደያዙ የሮጡት ወደ ቁጥቋጦው ነው። አስበውበት አልነበረም። እግራቸው የለመደው መንገድ ያ ብቻ ነበር።

ቦት ጫማቸውን ስላላጠለቁ ባዶ እግራቸውን እንደነበሩ፣ ሆዳቸው መሬት ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊት እንዳሳለፉ፣ የክሊኒኩ መስኮት ሲሰበር፣ አልጋ ሲጎተት፣ ሰዎች ሲሳሳቁ ሁሉ ይሰሙ እንደነበር ተናግረዋል። ለመጸለይ ሞክረው ከጸሎቱ ውስጥ የመጣላቸው የገዛ ስማቸው ብቻ ነበር። አንዳንዴ ኮቴው ይቀርባል፤ ከዚያ ይርቃል። የሸሸ ሰው እየፈለጉ መሆናቸውን ከንግግራቸው ተረዱ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ዲንቄ የምትባል የቀበሌው ወጣት ሴት ምጥ ይዟት ብቻዋን መጣች። የመጀመሪያ ልጇን ያዋለዷት ሲስተር ገላኔ ነበሩ። እዚያ ተኝተው ስታያቸው አልደነገጠችም። በቅል የያዘችውን ውሃ ሰጠቻቸውና ጠጡ። ከዚያ ሲስተር ገላኔ እንደ ወትሮው አሥር እርምጃ ርቀው ጀርባቸውን ለመስጠት ሲነሡ ልብሳቸውን ያዘቻቸው። ዲንቄ አማርኛ የተማረችው ከገበያ ነው። «ዛሬ ዞር አትበል» አለቻቸው። «እዚህ ሁን።»

ምጡ አልቆየም። ሕፃኑ ወንድ ነበር። ሲስተር ገላኔ በነጠላቸው ተቀበሉት። እትብቱን ገና ሳይቆርጡ ከቁጥቋጦው ማዶ ኮቴ ሰሙ። የአንድ ሰው አልነበረም። ደረቅ ቅጠል እየተሰበረ ቀረበ፤ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅም ተሰማ። ያን ጊዜ ሕፃኑ አለቀሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሲስተር ገላኔ ለስድስት ዓመታት ለማንም አልተናገሩም። ቀኝ መዳፋቸው የሕፃኑን አፍና አፍንጫ ከደነ። ከሺህ በላይ ሕፃናትን ተቀብሎ አፍንጫቸውን የጠረገ እጅ ነው። ልቅሶው ከመዳፋቸው ሥር ታፈነ፤ የሕፃኑ እግሮች ተወራጩ፤ እሳቸው ግን ዐይናቸው ኮቴው በሚሰማበት አቅጣጫ ነበር። ዲንቄ ከተኛችበት ሳትነሣ አንጓቸውን ያዘች። ጉልበቷ የወለደች ሴት ጉልበት አይመስልም ነበር። እጃቸውን ከልጁ ላይ አነሣችው።

«ተው። ያልቅስ» አለች። «ወንድ ከሰማ አይመጣም።»

ሕፃኑ ጮኾ አለቀሰ። ኮቴው ቆመ። አንዱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌላው መለሰለት። ከዚያም ፈጥነው ወደ መጡበት ተመለሱ። ሴት በምትወልድበት ቦታ ወንድ አይደርስም፤ የቦታው ወግ ነው፤ ጠመንጃ የያዘውም ያንኑ ወግ እያየ ያደገ ነበር። ሲስተር ገላኔ ይህን ወግ ያውቁታል። ቁጥቋጦው እንዳይመነጠር ሦስት ቀን የተከራከሩትም በዚሁ ወግ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ጨርሶ ከሐሳባቸው ጠፍቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ስለዚሁ ወግ ለቡድኑ ያስተማሩት እሳቸው፣ ፍርሃት ሲይዛቸው ልቅሶ ያስይዛል ብለው ያሰቡት እንደማንኛውም እንግዳ ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዲንቄ አራስ ልጇን አዝላ፣ የእሷን ልብስ አልብሳቸው፣ እንጨት አሸክማቸው የጸጥታ ኃይል እስከሰፈረበት ድረስ አደረሰቻቸው። በነቀምቴ በኩል አሶሳ ገቡ። አቶ ሻዕባንም ከሳምንት በኋላ በሕይወት ተገኝተው ወደ አሶሳ መጡ።

በአሶሳ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም ተደረገ። ሲስተር ገላኔ እንዲመሰክሩ መድረክ ላይ ወጡ። ስለ መደበቃቸው፣ ስለ ዲንቄ፣ ስለተመለሰው ኮቴ ተናገሩ። ስለ መዳፋቸው አልተናገሩም። ሕዝቡ እልል አለ፤ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ዓመትም ጠሯቸው፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ። እያንዳንዱ ምስክርነት ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር። እህታቸው ወ/ሮ አይናለም ትዝታው የሚያስጨንቃቸው መስሏቸው ነበር። ሲስተር ገላኔ ግን የፈሩት እልልታውን ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በአሶሳ በምታስተዳድረው ክሊኒክ ሥራ ቢሰጣቸውም ማዋለድ አልቻሉም። ሕፃን ሊቀበሉ ሲሉ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባልደረቦቻቸው የነርቭ ሕመም ነው ብለው ካርድ ክፍል አዛወሯቸው። እስከ 2015 ዓ.ም. በዚያ አገልግለው በእጃቸው ሕመም ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ ወጡ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ከታከሙ በኋላ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተመከሩ። መታመማቸው በምን መንገድ ካማሺ እንደደረሰ አይታወቅም፤ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ዲንቄ ያን የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ፣ በእግርም በመኪናም ሦስት ቀን ተጉዛ ከበራቸው ደረሰች። ልጁ ሁንዴ ይባላል። ለሕመምተኛ ብላ አንድ ጠርሙስ ማር ይዛ ነበር።

ሲስተር ገላኔ ሁለት ቀን ሙሉ ልጁ ወደ አልጋው ሲቀርብ ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ያደርጉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወ/ሮ አይናለም በሩ ላይ ቆመው እየሰሙ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ቀላቅለው ነገሩን ለዲንቄ ተናገሩ። ዲንቄ መጀመሪያ አልገባትም፤ ዝም ልታሰኘው ፈልገህ ነው፣ አውቃለሁ አለች። ሲስተር ገላኔ ግን ደገሙት።

«ዝም ላሰኘው ብቻ አይደለም። ባትይዢኝ ኖሮ እጄን አላነሣም ነበር። እስኪሞት ድረስ አላነሣም ነበር።»

ወ/ሮ አይናለም እንደሚሉት፣ እህታቸው በዚያች ቅጽበት እንደፈሩት ነጎድጓድንም፣ ጅረትንም፣ የታጠቁትንም ሰዎች አልፈሩም። ዲንቄ ተነሥታ ወጣች። ልጇን ይዛ የምትሄድ መሰላቸው። ከማድ ቤት ለልጁ የተሠራውን የማሽላ ገንፎ ይዛ ተመለሰች፤ ሳህኑን አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ሁንዴን ከአጠገቡ አስቀመጠችው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቀኝ እጃቸውን አወጣች።

«ስጠው» አለች። «ርቦታል።»

የመጀመሪያው ጉርሻ ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ልጁ ሳቀ፤ ደግሞም አፉን ከፈተ። ሳህኑ እስኪያልቅ አበሉት።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ለቀቃቸው ብንል እውነት አይሆንም። ሞትን እስከ መጨረሻው ይፈሩ ነበር፤ በሩ እንዳይዘጋባቸው፣ ሰው ከአጠገባቸው እንዳይጠፋ ይለምኑ ነበር። ሰውም አልጠፋም። ይህ ሁሉ እንዲነበብ ለወ/ሮ አይናለም ያዘዙት ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ እልል ያለው ሕዝብ የቀረውንም ይስማ ብለው። ሲስተር ገላኔ ዱጋሳ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው በዙሪያቸው እንዳሉ፣ አሶሳ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ከኋላቸው ልጃቸው አቶ እዩኤል ዋቅሹማ፣ ልጃቸው ወ/ሮ ሰብለወንጌል ዋቅሹማ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እህታቸው ወ/ሮ አይናለም ዱጋሳ እና ሦስት ወንድሞቻቸው ቀርተዋል። የፍርሃታቸውን ልክ የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን ምንም በማያስፈራ ስፍራ ያሳርፍ፤ ለምናዝን ሁሉ መጽናናትን ይስጥ።

ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩ ጎረቤቶች፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና የቀብሩን ቦታ ከሌሎች ጋር ሆነው ላዘጋጁት ለአቶ ሻዕባን ምስጋና ያቀርባል። ዲንቄንም በዚሁ ስፍራ በሕዝብ ፊት ለማመስገን ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ትናንት ማለዳ ሰዉ በድንኳኑ ተከላ ተጠምዶ ሳለ፣ የተኛችበትን ምንጣፍ ጠቅልላ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሁንዴን ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄዳለች።